የጋጣው እንጉዳይ

ሐሙስ፣ ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀየት፣ መንዝ

ክምሩን ዛሬም ገለበጥኩ። ሁለተኛው ግልበጣ። የውጩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ። እንፋሎቱ ፊቴን አጠበኝ። የብረት ዘንግ መሃሉ ሰክቼ፣ ጥቂት ቆይቼ ሳወጣው በእጅ የሚያዝ አልሆነም። ደግ ነው። ካልጋለ አይበስልም፤ ካልበሰለ ትልና ሻጋታ ይወርሰዋል።

ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የከብት ሽንት የከረመበት በረት ይመስላል። ይህ ሽታ እስኪጠፋ ዘር አይዘራም። አዲስ አበባ ያሠለጠነችን ሴትዮ አጥብቃ ያስጠነቀቀችን ይህን ነው፤ ሽታው ዘሩን ይገድለዋል።

የፈረስ ፋንድያና የገብስ ገለባ። ላዩ ላይ የተነሰነሰ ጄሶ። ውሃ። ሌላ ምንም የለበትም። መንዝ ተቀምጦ ፋንድያ አጣሁ የሚል የለም። በገበያ ቀን ከጓሳ በኩል የሚመጣው ሁሉ ፈረሱን የሚያስረው እትዬ አሰገደች ግቢ ነው። እነሱ ሲሄዱ እኔ አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ። የባልትና አስተማሪዋ ፋንድያ ጠራጊ ሆነች ተባለ። ይባል።

እትዬ አሰገደች ግን አልሳቀችም። (ደብተሬ፣ ከእንግዲህ እ.አ. እላታለሁ፤ እጄ በአካፋ ተልጧል።) ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና መዳሕ መጀመሬ ነበር ይላሉ። ጀርባዋ ላይ አደግሁ። ጠላ ጠምቃ፣ ምግብ ሸጣ አስተማረችኝ። ይኸው ዛሬም ግቢዋ ውስጥ ነኝ። የሟች ባሏን የፈረስ ጋጣ ለቀቀችልኝ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ብርድ። ለእንጉዳይ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ሰዉ እንጉዳይ ጨለማ ይወዳል ይላል። ጨለማውን አይደለም የሚወደው። ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ የሚሸሸው እነሱን ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ሽታው ጠፋ። ክምሩ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። ጨብጬ ጨመቅሁት። መዳፌን አረጠበኝ እንጂ አልተንጠባጠበም። ልክ ነው።

ከእ.አ. ጋር ስንሸከም ዋልን። በጋጣው ግድግዳ ዙሪያ በሳንቃ ባጠርነው መደብ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ደለደልነው። ከዚያ መጠበቅ። ትኩስ እያለ ዘር ከነካው ያልቃል። ክንዴን ስከተው ለብ ብቻ ሲል ጊዜ ጀመርን።

ዘሩ ሁለት ጠርሙስ ነው። ለሥልጠናው የሄድኩ ጊዜ የተሰጠኝ፤ እስከ ዛሬ ከብርዱ ጥግ ተቀምጦ የከረመ። የስንዴ ፍሬ ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ለብሷል። እ.አ. ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ በዘነዘና ሰበረችው። ስባሪውን አንድ በአንድ ለቀምን። ፍሬውን አሽትታ ትክ ብላ አየችኝ። የሻገተ ስንዴ ልታመጪ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው።

በተን አድርገን፣ በጣት ቀብረን፣ እርጥብ ጆንያ አለበስነው።

እኔ ት/ቤት ስውል ጆንያውን የምታረጥበው እሷ ናት። የጋጣው አንደኛው ቁልፍ እሷ ዘንድ ሆነ።


ሰኞ፣ የካቲት 22 የጾሙ መጀመሪያ

ጆንያውን ገለጥኩት። ደብተሬ፣ ነጭ ሆኗል! የተባዘተ ጥጥ ያነጠፉበት ይመስላል። ክሩ ከፍሬ ወደ ፍሬ ሄዶ፣ ተያይዞ፣ መደቡን ሁሉ ሸፍኖታል። አሽትቼ ጠገብኩ ማለት አልችልም። የእንጉዳይ ሽታ፣ ያለ እንጉዳይ።

አሁን አፈር ይለብሳል። አፈር ካልለበሰ ክር ሆኖ ይቀራል እንጂ አይወጣም። የላይኛው አፈር አይሆንም፣ ተባይ አለበት። ከጓሮ ጠለቅ ብለን ቆፍረን ያወጣነውን በበርሜል በእንፋሎት ቀቀልነው። ኖራ ጨመርኩበት። ሁለት ጣት ያህል አለበስነው። ቅጠል ውሃ ውስጥ እየነከሩ ማርከፍከፍ ነው፤ ከፈሰሰበት ክሩ ይሰጥማል። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፈት አድርጎ አየር ማስገባት። ይኸው ነው ጥበቡ። ትዕግሥት ነው የቀረው።

እ.አ. ዛሬ ሌላ ነገር አነሣች። የመጋቢት መድኃኔዓለም የማኅበሩ ተራ የእሷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ። እሱ የሞተ ጊዜ የማኅበሩ ሰዎች ባል የሌላት ሴት ተራዋን ትችላለች ወይ ብለው አጉረምርመው ነበር። አልረሳችውም። ለካህናቱ የእንጉዳይ ወጥ ሠርቼ አፋቸውን አስይዛለሁ አለች። እኔም ደስ አለኝ። ይደርሳል አልኳት።


ዓርብ፣ መጋቢት 10 ከቀኑ 11 ሰ.

እምቡጥ። የክብሪት ራስ የምታህል። አንድ ቦታ ስድስት፣ አንድ ቦታ እፍኝ ሙሉ። ከት/ቤት ስገባ እ.አ. በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ገና ሳልደርስ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ።

ለባልትና ክፍሌ ልጆች ሰኞ አሳያቸዋለሁ። አባቶቻቸው የጅብ ጥላ ልታበላችሁ ነው እያሉ ያስፈራሯቸዋል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 16

ለቀምን። አይነቀልም፤ ቀስ ብሎ ይጠመዘዛል። የተነሣበትን ጉድጓድ በአፈር መድፈን። ቆቡ ሳይከፈት መልቀም። ከስሩ ሲያዩት ሽንሽኑ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ከቆየ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። አንድ ትልቅ ሰፌድ ሞላ።

እ.አ. በሽንኩርትና በዘይት አቁላልታ፣ በርበሬ ነክታ ሠራችው። መጀመሪያ የቀመሱት መሪጌታ ክንፈ ናቸው፤ የደብሩ የቅኔ መምህር። ከቅዳሴ ወጥተው በዚያ ሲያልፉ ጠራቻቸው። ባረኩ፣ ቀመሱ። ከዚያ ይህ ነገር ሥጋ ሥጋ ብሎ ጾሜን እንዳያስፈታኝ አሉ። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ። ሲሄዱ እንዴት እንደሚበቅል ጠየቁኝ። ስለ ፋንድያው ስነግራቸው የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር። ከጉድፍ ምግብ የሚያወጣ እሱ ባለቤቱ ነው ብለው አለፉ።

እሳቸው በልተው ደህና ስለዋሉ ሌላው ሰው ሁሉ ለመነ። ከሰፌዱ ምንም አልተረፈም። እ.አ. ዛሬ ስትራመድ መሬት አትነካም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 23

መደቡ ዐርፏል። አንድ ዙር ከተለቀመ በኋላ ይተኛል፤ ያለ ነገር ነው። አፈሩ ባዶ፣ ክሩ ከታች እየሠራ። ሁለተኛው ዙር ከሚያዝያ በፊት አይወጣም።

ለእ.አ. ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ለማኅበሩ ሰው ሁሉ ነግራለች። ምነው ለዚያ ቀን ብታስወጪው አለችኝ፤ ልክ እኔ የከለከልኩ ይመስል። ሽሮና ምስር ይበቃል፣ እንጉዳዩን ለሰኔ ተራ ለደረሰው ታበድሪያለሽ ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም።

በልግ ገባ። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ያጨሳል። ገብሳቸውን የዘሩ ሰዎች ፊታቸው በርቷል።


እሑድ፣ መጋቢት 26

የሥራ ባልደረባችን አባት ዐርፈዋል፤ ከጓሳ ማዶ። የት/ቤቱ ዳይሬክተር (ዳ/ሩ) እኔና አንድ አስተማሪ ሄደን እንድናጽናና ፈቀደ። ከቅዳሴ በኋላ በፈረስ እንነሣለን፤ ማክሰኞ እንመለሳለን። የእ.አ.ን ድግስ አላይም። ከፋኝ፣ ግን ለቅሶ ነው።

ጋጣውን አየሁ። ባዶ አፈር። አንድም እምቡጥ የለም። ውሃ ትንሽ አርከፈከፍኩ። እ.አ. ወጥ ቤት ናት፣ ተጣድፋለች። ሂጂ፣ አታስቢ፣ ሽሮው ይበቃል አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 28

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከተማ መግቢያ ላይ ሁለት ሴቶች ውሃ ተሸክመው መጡ። ሰላም ስላቸው አልመለሱም። አንደኛዋ ማዶ ዞራ ተፋች። ከበቅሎ ወርደው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በእጃቸው ሂጂ ሂጂ አሉኝ። ያልገባኝ ነገር ነበር። የተማሪዬ እናት ናት መንገድ ላይ የነገረችኝ፤ እሷም ራቅ ብላ ቆማ።

ትናንት ማኅበርተኛው ካህናቱም ምእመናኑም የእንጉዳይ ወጥ በሉ። ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸውን ያዛቸው። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ላብ። መሪጌታ ክንፈ ከሁሉ ባሱ፤ ሌሊቱን ነፍሳቸው ወጣች ተብሎ ተለቅሶላቸዋል። ዛሬ ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ የሞተ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንዴት ሆኖ፣ እንጉዳይ እኮ አልነበረም አልኳት።

እህትሽ ናት የተናገረችው አለችኝ። ወርቅነሽ ከጋጣዋ የለቀመችውን ሰጥታኝ ሄደች፣ እኔ ምን አውቄ ብላለች።

እ.አ. ቤት ገባሁ። ተኝታለች፣ እሷም በልታ ታማለች። ግንባሯን ዳሰስኩ። ወደ ግድግዳው ዞረች። አላናገርኳትም። የታመመ ሰው ምን ይሉታል።


ረቡዕ፣ መጋቢት 29

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልጣጭ የሚጣልበት ቦታ ቆፈርኩ። አገኘሁት። የተቆረጠ የእንጉዳይ እግር። ብዙ። የእኔን የሚያውቅ ሁሉ የእኔ ነው ይላል፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀለበት ያለው። ግን የተቆረጠበት ቦታ ቢጫ ሆኗል። አሸተትኩት። የተማሪዎቹ የብዕር ቀለም ይሸታል። የሐኪም ቤት። የእኔ እንጉዳይ ሲፋቅ ይቀላል እንጂ ቢጫ አይሆንም፤ የሚሸተውም አፈር ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዛፍ ሄድኩ። ዝናብ ሲዘንብ የዱር እንጉዳይ የሚበቅለው እዚያ ነው። ከዛፎቹ ስር፣ ሣሩ ውስጥ፣ አለ። ቁጭ ብሏል። አንዱን ነቅዬ እግሩን በጥፍሬ ፋቅሁት። ዓይኔ እያየ ቢጫ ሆነ። አጠገቡ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ፤ ሰው የለቀመበት።

ይዤላት ገባሁ። ተነሥታ ተቀምጣለች፣ አጥሚት እየጠጣች። ፊት ለፊቷ ዘረጋሁት። ከየት ነው አልኳት።

አልካደችም። መካዷን ጠብቄ ነበር፤ ለሱ ነበር የተዘጋጀሁት። ኩባያውን አስቀመጠች። "መልኩ ያንቺኑ ይመስላል ብዬ ነው" አለች። ከዚያ ይህን፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው አይደለም፣ መቼም አልረሳውም፤ እውነት መሆኑን ነገ እንዳልጠራጠር ነው።

"ወርቂቱ፣ አንቺ መንግሥት አለሽ። ከዚህ ቢያነሡሽ ሌላ አገር ያስገቡሻል። እኔ ከማኅበሩ ከወጣሁ ማን ይቀብረኛል?"

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ልጆቿን አሰብኩ፤ ሦስት ናቸው፣ ሦስቱንም አዝያለሁ። ወጣሁ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 2

ሰንበት ነው መሰለኝ፣ አይደለም፣ ቅዳሜ ነው። ቀን ጠፋብኝ። የዛሬው ቅዳሜ ነው።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ልናገር ነው። ወስኛለሁ። ቢጫውን እግር በጨርቅ ቋጥሬ ይዣለሁ። ግን ደርቆ ጠቁሯል፤ አሁን ከሌላው አይለይም።


እሑድ፣ ሚያዝያ 3

ተቀመጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ። መሪጌታ ክንፈም በምርኩዝ መጥተዋል፣ ከስተዋል፣ ነጠላቸው ከብዷቸዋል። እኔ ቆሜ ነበር። የሰበሰቡን ሽማግሌ ጠየቁኝ፤ ያሳደገችሽ እህትሽ ላይ፣ በካህናቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አመጣሽ አሉ።

አባቶቼ ብዬ ጀመርኩ። ያ እንጉዳይ ከጋጣዬ አይደለም፣ እኔ ስሄድ መደቡ ባዶ ነበር አልኩ። እዚህ ላይ እ.አ. ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።

ልትናገር ነው አልኩ። ልቤ ቀለጠ፤ ደብተሬ፣ ለአፍታ ያለፈውን ሁሉ ይቅር ብያት ነበር።

ድንጋይ ተሸከመች። አንገቷ ላይ አድርጋ ሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከከች። "እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም። ጥፋቷ የኔ ጥፋት ነው። ስለ መድኃኔዓለም ማሩልኝ።"

ሴቶቹ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ድንጋዩን ከአንገቷ ያነሡላት መሪጌታ ናቸው። እህት ማለት እንዲህ ናት አሉ፣ ከእናት ትበልጣለች አሉ። ለእኔ ሲባል የተለመነልኝን ምሕረት በእጄ ጨብጬ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል። እሷ ስለ እኔ ተንበርክካ፣ እኔ ውሸታም ናት ልበል? ቋጠሮዬን ሳልፈታ መለስኩት።

ፍርዱ፦ የጋጣው ነገር ይጣል። ዳግም አይሞከር።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 4 ጠዋት

መጡ። አምስት ጎልማሶች፣ አካፋና ቅርጫት ይዘው። በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት።

ሁለተኛው ዙር ወጥቶ ነበር። ሌሊቱን ነው መሰለኝ። መደቡ ሙሉ፣ የተበተነ ጨሌ ይመስላል። አንዱ ጎልማሳ አካፋውን አንሥቶ ጥቂት አመነታ፣ ዞር ብሎም አየኝ። ጣለው አልኩት። በቅርጫት እየሞሉ ገደል ጨመሩት። ነጩ ክር እየተበጠሰ፣ እየተንጠለጠለ።

ት/ቤት የባልትና ክፍሌ ባዶ ነው። አባቶቻቸው ወስደዋቸዋል። ዳ/ሩ ደግ ሰው ነው፣ ለጊዜው ሒሳብ አግዥ አለኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ የባዶውን ክፍል ሰሌዳ ጠረግኩ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 10 ሆሣዕና

በአንድ ግቢ ነን። አንነጋገርም። ምሳ በልጇ ትልክልኛለች፤ እመልሳለሁ። ዛሬ የዘንባባ ቀለበት ሠርታ የክፍሌ በር ላይ አንጠልጥላልኛለች። በየዓመቱ የምትሠራልኝ ነው። ጣቴ ውስጥ ከተትኩት። አወለቅሁት። እንደገና ከተትኩት።

የሚያመኝ ውሸቱ አይደለም መሰለኝ። ሰው ሲጨነቅ ይዋሻል። ድንጋዩ ነው። ድንጋዩን ማን አሸከማት?


ዓርብ፣ ሚያዝያ 15 ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። በስተመጨረሻ ሰው ሁሉ እየተናዘዘ፣ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እየተደረገ ሲወጣ እሷን አየኋት። ካህኑ ጆሮ ጎንበስ ብላ ተናገረች። ምን እንዳለች አላውቅም። ብዙ ስግደት ታዘዘባት፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ስትሰግድ ነበር።

መሪጌታ ክንፈ ጠሩኝ። ከካቡ ጥግ ተቀምጠዋል። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ። ተሽሏቸዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ የፊተኛውን በልቻለሁ። ያኛው ሌላ ነበር። መድኃኒት መድኃኒት ይል ነበር። ያን ዕለትም ዐውቄዋለሁ።"

ጆሮዬን ጠረጠርኩት። ታዲያ እዚያ ቁጭ ብለው ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። እንዲህ ባለ ድምፅ ለካህን ተናግሬ አላውቅም።

"ባልቴት ናት፣ ድንጋይ ተሸክማ ወደቀች። በጾም፣ በሰው ፊት እንዴት ላዋርዳት። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ይረሳልሻል ብዬ ነው።"

ምሕረት አደረጉላት። ከእኔ ቆርሰው። ሁሉም ሰው ደግ ነው፣ ሁሉም ሰው ያዝናል፣ ሁሉም ለእሷ። ሳልሰናበታቸው ተነሣሁ። ምን ላድርግልሽ ብለው ከኋላዬ ጠሩኝ። የመድኃኔዓለም ለታ ማኅበሩ ያለበት ቤት እመጣለሁ፣ ያን ዕለት አይሸሹ አልኳቸው።


እሑድ፣ ሚያዝያ 17 ፋሲካ

ጾሙን ለብቻዬ ፈታሁ። ዶሮ ወጡን ልካልኛለች። ልጇ ሰሃኑን ይዞ ቆመ፣ እማዬ ብዪ ብላሻለች አለ። ሕፃን ምን አደረገ፤ ተቀብዬ ለእሱ አጎረስኩት። ሁሉንም በላው። እኔ ድፎ ዳቦ በላሁ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 27

ጠዋት ለድል በዓል ተማሪዎቹን አሰለፍን። ባንዲራ፣ መዝሙር። ከዚያ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ።

የዛሬው ተረኛ ቤታቸው ከገበያው ማዶ ነው። በር ላይ ሊከለክሉኝ ነበር፤ መሪጌታ ከውስጥ ግቢ አሉኝ። ቆሜ ተናገርኩ። አጭር ነበር። የማኅበሩ ቀን ጋጣዬ ባዶ ነበር። የበላችሁት ከባሕር ዛፉ ስር የበቀለ ነው። እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ምሕረት ያደረጋችሁልኝ ላልሠራሁት ጥፋት ነው። ይህን ብቻ።

መሪጌታ ጽዋቸውን አስቀምጠው እኔም ዐውቅ ነበር፣ ዝም ያልኩት በደል ነው፣ ንስሐ እገባለሁ አሉ። ያኔ ሁሉም ወደ እ.አ. ዞሩ። ጥግ ላይ ናት፣ አገልግል ታቅፋለች። ቀና አላለችም።

"ከባሕር ዛፉ ነው የለቀምኩት" አለች። ለመሬቱ ነው የነገረችው።

ሊያባርሯት ነው አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ቢያባርሯት ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አላባረሯትም። ትንሽ ተንሾካሾኩ። ክርስቲያን ይሳሳታል አሉ። ከበዓለ ኀምሳ በኋላ የሚሰገድ ስግደትና አንድ ተራ ድግስ ጨመሩባት፣ አለቀ። ጠላ ተቀዳ። ያን ያህል የፈራችው ይህችን ነበር። ያኔ በመጋቢት፣ ሰው በታመመ ዕለት፣ ዛፉን ብትነግራቸው ኖሮ ከዚህ የከፋ ምን ያደርጓት ነበር?

ከዚያ ተሳሳሙ አሉን። ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ፣ እህትማማች ናችሁ፣ በሉ አሁኑኑ። እ.አ. ተነሥታ መጣች፣ እጇን ዘረጋች። እጇን አየሁት። ሸካራ፣ ጣቶቿ በወጥ ቅመም የቀሉ። ያሳደገኝ እጅ ነው።

አልሳምኩም። አይሆንልኝም አልኩ።

ያኔ ተቆጡ። ውሸቱን ሲሰሙ ያልተቆጡ ሰዎች በእምቢታዬ ተቆጡ። ልበ ደንዳና፣ ትምህርት ያበላሻት፣ ይህ ነው የፈረንጅ ነገር አሉ። መሪጌታ ብቻ ተዉአት አሉ። ወጣሁ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 28

ዳ/ሩ የባልትና ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ ይመለሳሉ አለኝ። ወሬው ደርሶታል። ሁለት አባቶች መጥተው በድርጊታቸው አፍረው ነበር፤ እንዳፈሩም አልተናገሩም፣ ስለ በልጉ አወሩኝና ሄዱ።

ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው። ብዙ የለኝም። አልጋ፣ ሳጥን፣ ፋኖስ፣ መጻሕፍት። እ.አ. መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጠበቅሁ። እውነት እልሻለሁ ደብተሬ፣ ያቺን አንዲት ቃል ብትላት የሸከፍኩትን ሁሉ እበትን ነበር። ለሽማግሌ ሳይሆን ለእኔ፣ እዚህ፣ ማንም ሳይሰማ። አፏ ሁለቴ ሊከፈት ብሎ ተመለሰ።

"ምሳ በልተሻል?" አለች።

በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም።

ከዚያ አካሄዷን ሰማሁ፣ ወደ ወጥ ቤቱ። ስታለቅስ አልሰማኋትም፤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ጥላቻ አይደለም። ሰው መሃል ቁሙና ተሳሳሙ ስለተባለ ግን አልታረቅም። እሷው መጥታ በደልኩሽ ስትለኝ ያን ዕለት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ጎረቤት ሆኜ እጠብቃለሁ። ልጆቿን በየሰንበቱ አያለሁ፣ ያንን አልተውም።

ነገ ጠዋት የት/ቤቱ ዘበኛ አህያ ይዞ ይመጣል። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጥተውኛል። ዛሬ ገብቼ አየኋት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ቀን ትግላለች። ለእንጉዳይ አትሆንም። ለእኔ ትበቃለች።